ለአዘዞዋ ምግብ ቤት፦ እንጨት፣ ከሰል፣ ጋዝ ወይስ መብራት?

ጥያቄ፦ «ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። እንጀራ የምንጋግረው በባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ ወጡን፣ ሻዩንና ቡናውን የምንሠራው በከሰል ነው። የከሰል ዋጋ ከአቅሜ በላይ እየሆነ መጣ። አንዲት ጓደኛዬ ሁሉንም ትተሽ ወደ ሲሊንደር ጋዝ ግቢ ትለኛለች። ልጄ ደግሞ ጋዝ ከነዳጅ ስለሚወጣ አካባቢን የሚበክለው እሱ ነው፤ ከሰል ከዛፍ የሚገኝ ስለሆነ ተፈጥሯዊ ነው፣ ጭስም የለውም ይላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝቼ ነበር፤ ማታ ማታ እንጀራው ዓይን አላወጣ ቢለኝ ጥግ አስቀመጥኩት። መብራት ሲጠፋ ምጣዱን እንዲያሠራልኝ ጄኔሬተር ልገዛም አስቤያለሁ። የትኛው ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ ልጅዎ ከተናገረው ውስጥ ትክክለኛው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋዝ ከነዳጅ ይወጣል። ሌላው ሁሉ መታረም አለበት፤ በዚህ ሐሳብ ተመርተው ገንዘብ ቢያወጡ ኪስዎም ደኑም አብረው ይጎዳሉ።

ከሰል እርስዎ ማድ ቤት ሲደርስ ጭስ የማይታይበት ጭሱን ሌላ ቦታ ጨርሶ ስለሚመጣ ነው። አክሳዩ እንጨቱን ከምሮ በቅጠልና በአፈር ይሸፍነዋል፤ አየር በበቂ እንዳያገኝ አድርጎ ለቀናት ያፍነዋል። በእነዚያ ቀናት ከእንጨቱ የሚወጣው ጭስ፣ ምድርን የሚያሞቀው ሚቴን የተባለ ጋዝና ካርቦን ሞኖክሳይድ በሙሉ ወደ አየር ይሄዳል። በአፈር ክምር ከሚከሰል 100 ኪሎ ግራም እንጨት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከሰል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም ነው። እንግዲህ አንድ ኪሎ ከሰል ሲገዙ ስድስት ወይም ሰባት ኪሎ እንጨት አስቆርጠዋል ማለት ነው፤ ከእንጨቱም ጉልበት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ገበያ ሳይደርስ ጠፍቷል።

ይህን በቁጥር እንየው። የሙቀትን መጠን በሜጋ ጁል እንለካለን። አንድ ኪሎ የደረቀ እንጨት 16 ሜጋ ጁል ያህል ይይዛል፣ አንድ ኪሎ ከሰል ደግሞ 29 ያህል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ከሰል በእጥፍ ይበልጣል ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን በደህና የከሰል ምድጃ ላይ እንኳ ድስቱ ጋ የሚደርሰው ሙቀት ሩብ ቢሆን ነው፤ ያም 7 ሜጋ ጁል መሆኑ ነው። ያው ከሰል የወጣበት ስድስት ተኩል ኪሎ እንጨት ሳይከሰል፣ በደንብ ደርቆ፣ ዙሪያው በተዘጋ ምድጃ ቢነድ ኖሮ ከሙቀቱ አምስት አንዱ ብቻ ለምግቡ ቢደርስ እንኳ 20 ሜጋ ጁል ይሰጥ ነበር። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ አንድን ማገዶ ስንመዝነው ዛፉ ከተቆረጠበት አንስቶ ድስቱ እስከሚፈላበት ድረስ መቁጠር አለብን። ማድ ቤት ውስጥ ብቻ ከቆጠርን ሒሳቡ ይስታል።

የጤናው ነገር ደግሞ ይብሳል። ፍም ሲሆን ዝም ያለ የሚመስለው ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። የእንጨት ጭስ ያስለቅሳል፣ ያስላል፣ ሰውን ከቤት ያስወጣል፤ ከሰል ግን ያስተኛል። በጎንደር የክረምት ሌሊት ብርዱን ለማባረር የቡና ፍም እንደ ሞቀ መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት የተለመደ ነገር ነው፤ ቤተሰብ ተኝቶ የሚቀረውም በዚህ ነው። ፍሙን አመድ ማልበስ አደጋውን አያስቀረውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መዛል የጀመረው ሰው ካለ ወዲያውኑ ወደ ውጭ አውጥቶ ወደ ሕክምና መውሰድ እንጂ ሎሚ ማሽተት መፍትሔ አይሆንም።

ከሰል ሁሉ ደን አጥፊ ነው ብሎ በጅምላ መፍረድም ልክ አይሆንም። በአዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ደከረንስ የሚባለውን ግራር በማሳው ላይ ተክሎ፣ በጥቂት ዓመታት ቆርጦ፣ አክስሎ ሸጦ እንደገና ይተክላል። እዚያ ዛፉ ሰብል ነው። ከመተማና ከቋራ ቆላ ከተፈጥሮ ደን ተቆርጦ የሚመጣ ከሰል ግን ተተኪ የለውም፤ የቆላ ዛፍ እስኪያድግ ዘመን ይፈጃል፣ ችግኙንም ከብቱ አያስቀረውም። ነጋዴዎ ከሰሉ ከየት እንደመጣ ካልነገረዎ ከሁለተኛው ይቁጠሩት። የዚህ ዕዳ በቆላ ብቻ አይቀርም። ተዳፋት መሬት ሲራቆት አፈሩ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ የጎንደርን ውኃ የሚያጠራቅመው የአንገረብ ግድብ ስንት ደለል እንደተሸከመ የከተማው ሰው በጀሪካን ሰልፍ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጋዝ እንምጣ። የሲሊንደር ጋዝ ከነዳጅ የሚገኝ መሆኑና ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማውጣቱ እውነት ነው፤ አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል ሦስት ኪሎ ግራም ያህል ይወጣዋል። ነገር ግን ያ አንድ ኪሎ ጋዝ 45 ሜጋ ጁል ይዟል፤ ከዚህም ከግማሽ በላዩ ድስቱ ላይ ስለሚደርስ 25 ያህል ጠቃሚ ሙቀት ይሰጥዎታል። ይኸንኑ ሥራ ለመሥራት ሦስት ተኩል ኪሎ ከሰል ያስፈልጋል፤ ለእሱ ደግሞ ከ20 ኪሎ የሚበልጥ እንጨት ተቆርጧል። የተቆረጠው ዛፍ ካልተተካ በእንጨቱ ውስጥ የነበረው ካርቦን በሙሉ አየር ላይ ቀረ፤ ይህም ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በሦስት ኪሎና በ30 ኪሎ መካከል የትኛው እንደሚሻል ልጅዎ ራሱ ይፍረድ። ዛፉ ተተክቶ ቢያድግ ልዩነቱ በጣም ይጠባል፤ ሲከሰል የወጣው ሚቴን ግን ተመልሶ እንጨት አይሆንም።

የጋዝ ችግሩ ሌላ ነው። ሙሉ በሙሉ ከውጭ በዶላር የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ይዋዥቃል፤ ሲሊንደር የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። ሥራዎን በሙሉ በእሱ ላይ ካንጠለጠሉ ጋዝ በጠፋ ሳምንት በርዎን ይዘጋሉ። የጓደኛዎን ምክር በግማሽ ብቻ የምቀበለው ለዚህ ነው።

ዋጋ አልጽፍልዎትም፤ ጽሑፉ እጅዎ እስኪገባ ድረስ ይቀየራልና። በምትኩ ሁልጊዜ የሚሠራ ማነጻጸሪያ ልስጥዎት። ለወጥና ለሻይ ሥራ አንድ ኪሎ ጋዝ፣ ሦስት ተኩል ኪሎ ከሰልና 10 ኪሎ ዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪው የሚቆጥርበት መለኪያ) የኤሌክትሪክ ኃይል በግምት እኩል ሥራ ይሠራሉ። አንድ ኪሎ ከሰል ብቻውን ከሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት ያነሰ ነው። የመብራት ደረሰኝዎን ያውጡ፤ የከፈሉትን ብር ለተጠቀሙት ኪሎ ዋት ሰዓት ያካፍሉት፤ ከሰሉን ደግሞ በኪሎ አስመዝነው ይግዙት፤ ማዳበሪያው ሞልቶ ይታይ እንጂ ውስጡ ምን ያህል እንደሆነ ካልተመዘነ አይታወቅም። ሦስቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው መብራት ርካሽ ሆኖ እንደሚያገኙት አልጠራጠርም።

በአካባቢ በኩልም ቢሆን የኢትዮጵያ መብራት ከሞላ ጎደል የውኃ ነው፤ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከግድቦች ነው። በዚሁ በእኛ በኩል በ2002 ሥራ የጀመረው ጣና በለስ የጣናን ውኃ በዋሻ አሳልፎ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ በጳጉሜን 2017 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም አለ። ግድብም ቢሆን እዳ አለው፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ እንደ ድሮው አለመሆኑን ያየ ያውቃል። ከማድ ቤት ጭስና ከተራቆተ ተራራ ጋር ሲነጻጸር ግን የመብራቱ ጉዳት ያንሳል።

እንጀራው ዓይን ያላወጣበትን ምክንያት ሊጡ ላይ አይፈልጉ፣ ምጣዱንም አይውቀሱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ የተሠራውም ለ220 ቮልት ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ሰው ሁሉ መብራት፣ ምድጃና ምጣድ ሲከፍት ቮልቱ ይወርዳል። ሙቀቱ ደግሞ የሚቀንሰው ቮልቱ በቀነሰበት ልክ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ምጣድዎ ከሙቀቱ ሲሶውን ያጣል፤ 3.5 ኪሎ ዋት የነበረው ወደ 2.3 ኪሎ ዋት ገደማ ይወርዳል። እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ሊጡ ምጣዱን እንደነካ በፍጥነት ሲፈላና እንፋሎቱ በስቶ ሲወጣ ነው። ለዚህ ምጣዱ 200 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት፤ ሲዘገይ ግን እንጀራው ይደርቃል እንጂ አይበሳም። በዚያ ላይ ምጣዱ ከአምፖልና ከፍሪጅ ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ የተያያዘ ከሆነ በገዛ ቤትዎ ውስጥም ተጨማሪ ቮልት ይጠፋል፤ ሽቦውም ይግላል። 3.5 ኪሎ ዋት ማለት 16 አምፒየር ማለት ነው።

ስለዚህ ምጣዱን ከጥግ ያውጡት። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከቆጣሪው ጀምሮ ለምጣዱ ብቻ የሚሆን 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት መስመር ይዘርጋልዎት። የመሬቱ መስመር ሊዘለል አይገባም፤ ጋጋሪዋ በእርጥብ እጅ፣ ብዙ ጊዜም በባዶ እግሯ እርጥብ ወለል ላይ ቆማ ነው የምትሠራው። መጋገሩን ወደ ሌሊቱ 10 ሰዓት ይውሰዱት፤ ያን ጊዜ ቮልቱ ሙሉ ነው። ይህ አብሲቱ የሚጣልበትን ሰዓትም ስለሚያዛውር ጋጋሪዋ መጀመሪያ ላይ ታማርራለች፤ በጥቂት ቀናት ትለምደዋለች። አንድ ጊዜ የጋለ ምጣድ ላይ የቀኑን እንጀራ በሙሉ ማውጣት ጠዋት ጥቂት፣ ከሰዓት ጥቂት ከመጋገር ብዙ ኃይል ይቆጥባል፤ ሸክላው እስኪግል የሚወስደው ኃይል አንድ እንጀራ ሳይወጣበት የሚቃጠል ነውና። አክንባሎው በደንብ የሚገጥም ይሁን።

ጄኔሬተሩን ይተዉት። አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል አለ፤ ከአነስተኛ ጄኔሬተር የሚያገኙት ግን ሦስት ገደማ ነው፤ ሌላው በጭስ ማውጫውና በሞተሩ ሙቀት ይጠፋል። ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪክን መልሶ ወደ ሙቀት መለወጥ በነዳጅ ከሚሠሩ ስሕተቶች ሁሉ ውዱ ነው። ምጣዱ በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ያስወጣዎታል፤ በየሊትሩም 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። አዘዞ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ቀጭን ነው፤ ሞተሩም ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን አቅም አይሰጥም። ለፍሪጅና ለአምፖል የሚሆን ትንሽ ጄኔሬተር ቢፈልጉ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለምጣድ ግን አይሆንም።

መብራት በጠፋ ቀን የሚታደግዎት ያው የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ አነዳዱ ግን መለወጥ አለበት። ባሕር ዛፍ የውኃና የአፈር ወቀሳ ቢኖርበትም ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ በአንድ ቁርጫ አያልቅም። እንጨቱን የሚያረክሰው እርጥበቱ ነው። አሁን የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ እሳቱ መጀመሪያ ያን ውኃ ስለሚያተን ከ16 ሜጋ ጁል የሚቀረው ስምንት ያህል ይሆናል። እርጥብ ማገዶ በሸክም የሚገዛ ሰው ግማሽ ገንዘቡን ለውኃ እየከፈለ ነው። ጭሱም የሚበዛው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያልነደደ እንጨት ነው ጭስ ሆኖ የሚወጣው። በጉልቻ ላይ ከሙቀቱ አሥር በመቶ ገደማ ብቻ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን ዘግቶ ስለሚይዝ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጭሱንም በአንድ አቅጣጫ ይሰበስበዋል። እዚያ ላይ ከጣሪያ በላይ የሚወጣ የጭስ ማውጫ ይግጠሙለት። ይህን ቅንጦት አድርገው አይዩት፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ በቤት ውስጥ የማገዶ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሕይወቱን እንዳጣ ይገምታል። ምድጃው ፊት የምትቆመው ደግሞ ጋጋሪዋ ናት።

ስለሌሎቹ አማራጮች ብዙ አልልም። ላምባ ለአነስተኛ ምግብ ቤት አይመከርም፤ ጥላሸቱና ሽታው ምግብ ውስጥ ይገባል፣ መንገድ ዳር በፕላስቲክ የሚሸጠው ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ ከሆነ ደግሞ ይፈነዳል። ኩበት ማቃጠል የገበሬውን ማዳበሪያ ማቃጠል ነው። ባዮጋዝ ከብት ላለውና ውኃ ለማይቸግረው ቤተሰብ ጥሩ ነው፤ ለእርስዎ ግቢ ግን አይመችም። ከሰሊጥ አገዳ የሚሠራ የተጨመቀ ከሰል ካገኙ ይሞክሩት፤ ማሳ ላይ የሚጣል ነገር ስለሆነ ዛፍ አያስቆርጥም። አመዱ ይበዛል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም እንደ ሌላው ከሰል ነው። የጣናን እምቦጭ ማገዶ እናደርጋለን የሚለውን ወሬ ግን ለጊዜው ወሬ ያድርጉት፤ ትኩሱ እምቦጭ ከዘጠና በመቶ በላይ ውኃ ነው፣ ለማድረቁ ብቻ የሚጠፋውን ድካም አስቡት።

ማገዶ ሳይቀይሩ የሚያተርፉበት መንገድም አለ። በአዘዞ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላ፣ ሽምብራና ሥጋ እዚህ ከቆላው ዘግይተው የሚበስሉት ለዚህ ነው። እሳት ቢጨምሩበት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አይበልጥም። ጥራጥሬውን አድሮ ዘፍዝፈው በፕሬዠር ድስት ይቀቅሉት፤ ወጡ አንዴ ከፈላ በኋላ ክዳኑን ገጥመው እሳቱን ዝቅ ያድርጉ።

ምክሬ ይህ ነው። እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በራሱ መስመር፣ ሌሊት ይጋገር። ወጡና ሻዩ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሠራ፤ ከጎኑ አንድ ባለ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ ለምሳ ሰዓት ግርግርና መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ ይኑር። ለመጠባበቂያ አንድ ምርጥ ምድጃ ከነጭስ ማውጫው ይትከሉ። ከሰል ለቡናው ብቻ ይዋል፤ እሱንም በር በተከፈተ ክፍል። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የማይበቃ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጡት ለሽቦው ነው፤ ምጣዱን ቀድሞውኑ ገዝተውታልና። ቀጥሎ ምርጥ ምድጃው፣ ጋዙ በመጨረሻ።

ጋዙን ሲያስገቡ ሲሊንደሩ ከማድ ቤቱ ውጭ፣ ቀጥ ብሎ፣ ፀሐይ በማይመታው ቦታ ይቀመጥ። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፤ ከምድጃው በታች ፍም ካለ ያገኘዋል። ስለዚህ የከሰል ምድጃና የጋዝ ምድጃ በአንድ ክፍል አይነድዱ። ጎማውንና መግጠሚያውን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ፤ አረፋው ከነፋ ያፈስሳል። ሽታ ከመጣ አምፖል ማብራትም ማጥፋትም ክልክል ነው፤ ሲሊንደሩን ዘግቶ በርና መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው። ለመጪው ክረምት የሚሆነውን ፈለጥ ደግሞ በጥር ገዝተው፣ ሰንጥቀው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ከቆርቆሮ ሥር ይደርድሩት፤ በሐምሌ የሚገዛ እንጨት አይደርቅም።